ያላወቀ አለቀ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ከዚያ እንጣላለን።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የጸደይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከምኖርበት አፓርትመንት በመኪና 20 ደቂቃ በሚርቅ ሰፈር አንድ አዛውንት ጋራዣቸውን ከፍተው ዕቃ ይሸጡ ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያርድ ሴል ነው። ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ብርጭቆ፣ የገና ዛፍ ጌጥ፣ ማንም የማይገዛው ወፍራም ቴሌቪዥን። ከዚያ ሁሉ ጀርባ፣ ከሣር ማጨጃው አጠገብ፣ ብርቱካንማ የልጅ ሳይክል ቆሟል። አቧራ ለብሷል፣ ሸረሪት አድርታበታለች። የፊት ጎማው ከኋላው ያንሳል። መቀመጫው እንደ ሙዝ ረዝሟል። ከመቀመጫው ፊት ደግሞ፣ ልክ መኪና ውስጥ እንዳለው ዓይነት፣ የማርሽ ዘንግ ተተክሏል።

ልቤ ዘለለ። ፊቴ ግን አልተነቃነቀም። ፊቴን ለዚህ ቀን ነበር ሳሠለጥነው የኖርኩት።

«ስንት ነው?» አልኳቸው።

«40 ዶላር» አሉ። ከዚያ ሳይክሉን ትንሽ አየት አድርገው፣ «የታናሽ ወንድሜ ነበር። ለመሆኑ ዋጋ አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ትከሻዬን ሰበቅሁ። «ያው አሮጌ ሳይክል ነው» አልኩ። ጎማው አልቋል፣ ካቴናውም ዝጓል ብዬ 35 አስደረግኩት። አዎ፣ ተከራከርኩ። ሳይክሉን መኪናዬ ላይ ስጭን አዛውንቱ በአንድ በኩል ይዘው አገዙኝ።

በስድስተኛው ሳምንት በ2,400 ዶላር ሸጥኩት። ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱም «እንዴት?» ብሎ አልገረመውም። «አንበሳ!» አሉኝ። አንደኛው፣ ከእኔ ቀድሞ በዚህ ሱስ የተያዘው፣ «ያላወቀ አለቀ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ አባባል ላይ ነው። የድሮ ሳይክል፣ የድሮ ሰዓት፣ የድሮ ካሜራ፣ የድሮ ሸክላ ለምታድኑ ሁሉ ነው። ያላወቀ አለቀ የሚለው ሕጋችን ነውር ነው። ነውር መሆኑን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

በመጀመሪያ ግን ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ፤ ካላወቃችሁት የሠራሁት ነገር ክብደቱ አይገባችሁም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ዓይነቱ ሳይክል «መስል ባይክ» ይባላል፤ ስሙ «መስል ካር» ከሚባሉት ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች የተወረሰ ነው። ነገሩን የጀመሩት ኢንጂነሮች አይደሉም፤ ልጆች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆች 20 ኢንች ጎማ ያላቸውን ትንንሽ ሳይክሎች እየፈቱ ከፍ ያለ መሪና ረጅም መቀመጫ ይገጥሙላቸው ነበር። ታላላቆቻቸው የሚነዱትን ሞተር ሳይክል መምሰል ፈልገው ነው። ቺካጎ የሚገኘው የሽዊን ፋብሪካ ሰው አል ፍሪትዝ ወሬውን ሰማ። በ1963 ሽዊን «ስቲንግ ሬይ» የተባለውን ሳይክል አወጣ። በዚያው ዓመት ሃፊ የተባለው ኩባንያም «ፔንግዊን» ብሎ የራሱን ይዞ ቀረበ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዚህ ዕቃ የመጀመሪያ ዲዛይነሮች ስማቸው የትም ያልተጻፈ የሰፈር ልጆች ናቸው።

በ1968 ሽዊን «ክሬት» የተባለውን ተከታታይ አመጣ። ይኼኛው የፍጥነት ውድድር መኪኖችን የሚመስል ነው። ከፊት 16 ኢንች፣ ከኋላ 20 ኢንች ጎማ፤ የኋላው ጎማ ጥርስ የሌለው ልሙጥ። ከፊት ሞላ ያለው ሹካ። በመሐል አምስት ማርሽ የሚቀይር ዘንግ። ስማቸውም እንደ ከረሜላ ነው፤ ብርቱካንማው ኦሬንጅ ክሬት፣ ቀዩ አፕል ክሬት፣ ቢጫው ሌመን ፒለር፣ አረንጓዴው ፒ ፒከር። በኋላ ነጭ መጣ፤ በ1971 ደግሞ «ግሬይ ጎስት» የተባለው ግራጫ። በ1973 ሁሉም አበቃ።

ለምን ብርቅ ሆኑ? መልሱ ቀላል ነው፤ ልጆች ነዷቸው። ዘለሉባቸው፣ ገለበጧቸው፣ ዝናብ ላይ ጥለዋቸው ወደ ቤት ገቡ። በ1971 የወጣው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» የተባለው የሞተር ሳይክል ፊልም ሲከፈት የሚታዩት ሕፃናት በእነዚህ ሳይክሎች አፈር ላይ ሲጋልቡ ነው። ዛሬ ቢኤምኤክስ የምንለው ስፖርት ከዚያ አፈር ነው የበቀለው። በሌላ በኩል ያ በመሐል የቆመ የማርሽ ዘንግ፣ ሳይክሉ ድንገት ሲቆም ልጁ የት ላይ እንደሚያርፍ መገመት አያቅታችሁም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ያወጣውና በ1976 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ በመቀመጫና በመሪ መካከል እንዲህ ዓይነት ጎልቶ የወጣ ነገር ከለከለ። ሽዊንም በ1980ዎቹ የቺካጎ ፋብሪካውን ዘጋ፤ በ1992 ከሠረ። የተረፉት የተረፉ ናቸው።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ፤ «አወቅሁት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ።

አንድ ሳይክል «ክሬት ነኝ» ስላለ አይታመንም። መጀመሪያ መቆሚያውን ታያለህ። ቺካጎ የተሠራ የዚያ ዘመን ሽዊን መቆሚያው በብሎን የታሰረ ሳይሆን ከፍሬሙ ጋር የተበየደ ነው። የፍሬሙ ቧንቧዎች የሚገናኙበት ቦታም ልስልስ ያለ ነው፤ ብየዳው አይታይም። ቀጥሎ ቁጥሩን ትፈልጋለህ። እስከ 1969 ድረስ ቁጥሩ የተመታው በግራ በኩል የኋላ ጎማው ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። ከ1970 ጀምሮ ወደ ፊት፣ መሪው የሚገባበት ቧንቧ ላይ ተዛወረ። ከቁጥሩ በፊት ሁለት ፊደል አለ። የመጀመሪያው ወሩን፣ ሁለተኛው ዓመቱን ይነግርሃል። የወሩ «ኤ» ጥር ነው፤ የዓመቱ «ኤ» 1965። የአዛውንቱ ሳይክል ላይ በጣቴ ዝገቱን ስጠርግ ሁለት «ኢ» ነበር ያገኘሁት። አምስተኛው ወር፣ አምስተኛው ዓመት፤ ግንቦት 1969።

ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው ይህ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ግን ቁጥሩ አይበቃም። ቁጥሩ ፍሬሙ መቼ እንደተመታ እንጂ የትኛው ሞዴል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ተራ ስቲንግ ሬይ ገዝቶ፣ አዲስ የተሠራ መቀመጫና ተለጣፊ ጽሑፍ ገጥሞ «ኦሬንጅ ክሬት» ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል። ለሁሉም ነገር ቅጂ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ራሱ የሽዊን ስም ያለበት እንደገና የተሠራ ክሬት ወጥቷል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ትመረምራለህ። የፊት ፍሬኑ ታምቡር ነው ወይስ ጎማውን ከሁለት በኩል የሚቆነጥጥ? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታምቡር ነው፤ የኋለኞቹ አይደለም። ፍሬሙ 1969 ብሎ ፍሬኑ ሌላ ዘመን ከሆነ አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ቀለሙንስ? የመቀመጫውን ማሰሪያ ፈታ አድርገህ ፀሐይ ያላየውን ቦታ ታያለህ። እዚያ ያለው ቀለም ከውጪው የደመቀና ተመሳሳይ ዘር ከሆነ ጥሩ። ሥር ሌላ ቀለም ብቅ ካለ ተቀብቷል።

እኛ አዳኞች በዚህ ጉዳይ ላይ ጨካኞች ነን። አንድ ብሎን በኋላ የተቀየረ መሆኑን ሳይናገር የሸጠን ሰው «ሌባ» እንለዋለን። ስሙን እናጠፋለን። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል በውሸት የተጠቀመ ሰው ሁለተኛ ከመሐላችን አይቆምም።

እና እዚህ ላይ ነው ጠቤ። ለብረቱ ይህን ሁሉ እውነት የምንጠይቅ ሰዎች፣ ብረቱን ለ50 ዓመት በጋራዡ ያኖረውን ሰው ለመዋሸት ፊታችንን እናሠለጥናለን። እርስ በርሳችን ስንሸጥ ስለ አንድ ብሎን እንናዘዛለን፤ ከማያውቅ ሰው ስንገዛ ግን ስለ ሙሉው ሳይክል ዝም እንላለን። ይህ ሁለት ሕግ ነው። ለሚያውቅ አንድ፣ ለማያውቅ አንድ።

መከላከያዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ራሴ ለራሴ ለወራት ስላቸው ነበር።

የመጀመሪያው፣ «ዕውቀቴ ልፋቴ ነው፤ ስንት ሌሊት አንብቤ ነው የተማርኩት» የሚለው ነው። እሺ፣ ልፋት ነው። ልፋት ደግሞ ዋጋ ይገባዋል። ግን መኪናህን ወደ መካኒክ ወስደህ፣ መካኒኩ ሞተሩ ደህና መሆኑን እያወቀ «ይኼ አልቆለታል፤ ለብረቱ ብዬ ልግዛህ» ቢልህ፣ «ዕውቀቱ ልፋቱ ነው» ትላለህ? ፖሊስ ነው የምትጠራው። ዕውቀት የሚሸጥ ነገር ነው። ዕውቀትን መሸጥና የሌላውን አለማወቅ መሸጥ ግን ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛው፣ «እኔ ባልገዛው ይጥሉት ነበር፤ እኔ አዳንኩት» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የሚያምረው ውሸት ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ ብዙዎቹ ሳይክሎች ቆሻሻ መኪና ላይ አልቀዋል። ነገር ግን ለማዳን ዝም ማለት አያስፈልግም። እንዲያውም ዝምታው ራሱ ያጠፋል። የእኔን ታሪክ ተመልከቱ። የገዛኝ ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ታሪኩ ምንድነው? የማን ነበር? ከየት ሱቅ ተገዛ?» ብሎ ነው። ምንም አልነበረኝም። ለምን? «አሮጌ ሳይክል ነው» ብዬ ትከሻዬን የሰበቅሁ ሰው፣ ዞሬ «ወንድምዎ ስንት ዓመቱ ነበር? ፎቶ አለዎት? ይህ የመሪው ጭረት ከምን መጣ?» ብዬ መጠየቅ አልችልም። ጉጉቴ ያጋልጠኛል። ግድ የለኝም ብሎ መዋሸት ለመጠየቅ መብትህን ያሳጣሃል። ስለዚህ ብረቱን ይዘን እንሄዳለን፤ ብረቱን ከሌላው ብረት የሚለየውን ነገር እዚያው ጋራዥ ውስጥ ጥለን። ይህ ማዳን ከሆነ መግደል ምን ሊባል ነው?

ሦስተኛው፣ «ገበያ ነው፤ ሕግ አይከለክልም» የሚለው ነው። ይኼኛው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የድሮ ሙግት አለው። በ1815 መጀመሪያ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኦርጋን የሚባል ነጋዴ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦርነት ማብቃቱን ሌላው ሳይሰማ ሰማ። ሰላም ማለት ወደብ ይከፈታል፣ የትምባሆ ዋጋ ይወጣል ማለት ነው። ማለዳ ተነሥቶ ሌይድሎው ከሚባለው የንግድ ቤት ትምባሆ ገዛ። ከመግዛቱ በፊት ሻጩ «ዋጋ የሚጨምር የሰማኸው አዲስ ወሬ አለ?» ብሎ ጠይቆታል። ኦርጋን ዝም አለ። ወሬው ሲወጣ ዋጋው ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘለለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1817 ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል፣ ገዢ የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ የለበትም አሉ።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «በቃ! ተዘጋ!» አለኝ። አልተዘጋም። ዳኛው በዚያው ውሳኔ ሁለቱም ወገን ሌላውን የሚያታልል ነገር ላለመናገርና ላለማድረግ መጠንቀቅ አለባቸው ብለው፣ ኦርጋን አታሏል ወይስ አላታለለም የሚለው ገና በዳኞች ጉባኤ ሊታይ ይገባል ሲሉ ጉዳዩን ወደ ታች መለሱት። አሁን የእኔን አስቡ። እኔ ዝም አላልኩም። ተጠይቄ፣ ትከሻዬን ሰብቄ፣ «ያው አሮጌ ሳይክል ነው» አልኩ። ኦርጋን እንኳ ያን ያህል አልሄደም።

አራተኛው መከላከያ የኛው የራሳችን ነው፤ ከሌላ ሰው አትሰሙትም። «አንተ ደግሞ፣ ሰውየው እኮ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ያለው ነጭ አሜሪካዊ ነው። አንተ በኪራይ የምትኖር ስደተኛ። እነሱ ከመቅደላ ጀምሮ ስንት ወስደው የለ እንዴ!» ጓደኛዬ ይህን ሲለኝ ስቄያለሁ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጽላቱንና ብራናውን ጭኖ ሲሄድ እኒህ አዛውንት ከየት መጥተው ነው የሚከፍሉት? ሳቄን ስጨርስ ግን አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ትዝ ባይለኝ ይሻል ነበር።

አያቴ ጎጃም ውስጥ ነበር የምትኖረው። ከአባቷ የወረሰችው የብራና ዳዊት ነበራት፤ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። እናቴ እንደምትለው አንድ ቀን ካፖርት የለበሰ ሰው ከከተማ መጣ። ፈረንጅ አልነበረም። አማርኛው ከእኛ አማርኛ የጠራ፣ ሲገባ ጫማውን ያወለቀ፣ «እናቴ» እያለ የሚያወራ ሰው። ዳዊቱን አገላብጦ አየ። አያቴ «ይኼ ለምን ይሆንሃል ልጄ?» ብትለው፣ «አይጥ በልቶታል እኮ፤ እንዲያው ለመታሰቢያ ነው» አላት። የሁለት በግ ዋጋ ሰጥቷት ሄደ። እሷም መርቃ ሸኘችው።

እናቴ ይህን ታሪክ በዓል በመጣ ቁጥር ታወራዋለች። ሁልጊዜም የምትናደደው በዋጋው አይደለም። «መርቃው ሄደ እኮ!» ነው የምትለው። ያን ሰው እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እጠላዋለሁ። ካፖርቱን ራሱ እጠላዋለሁ። ከዚያ አድጌ፣ በኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሱን ሆንኩ። አዛውንቱ አልመረቁኝም፤ ሳይክሉን በማንሳት ግን አግዘውኛል።

ዳዊትና የልጅ ሳይክል እኩል አይደሉም፤ አውቃለሁ። አንዱ ቅዱስ ነው፣ ሌላው አምስት ማርሽ ያለው መጫወቻ። ገዢዎቹ ግን አንድ ናቸው። ሁለታችንም ባለቤቱ ሳያውቅ እኛ ያወቅነውን ነገር እንደ መሣሪያ ተጠቀምንበት።

«እና ምን ይሁን? ለሁሉም ሰው ዋጋ እየነገርን በባዶ እጃችን እንመለስ?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። የኛ የኮምፒውተር ሙያ ይህን ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልሶታል፤ የሚገርመኝም ቀን ቀን እዚያ ሕግ ውስጥ እየሠራሁ ቅዳሜ ሌላ ሰው መሆኔ ነው። በሰው ሶፍትዌር ውስጥ ቀዳዳ ብታገኝ፣ ባለቤቱ አያውቅም፣ አንተ ታውቃለህ። ሁለት መንገድ አለህ። ዝም ብለህ በቀዳዳው ገብተህ መውሰድ፤ ያ ወንጀለኛ ያደርግሃል። ወይም መጀመሪያ ለባለቤቱ መንገር። ብዙ ኩባንያዎች ለነገራቸው ሰው ይከፍላሉ። የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን ለባለቤቱ ነግሮ እንዲያስተካክል በመደበኛነት 90 ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሕዝብ የሚያወጣው። ማንም «ያላወቀ አለቀ» አይልም። ያለ ሰው አብሮን አይሠራም።

ይህን ወደ ጋራዡ አምጡት። መጀመሪያ ንገር፤ «ይህ ተራ ሳይክል አይመስለኝም፣ ቁጥሩን ልየው» በል። ያወቅኸውን በሙሉ፣ የገበያውን ዋጋ ጨምሮ፣ ንገር። ከዚያ ተደራደር። «እኔ ባልነግርዎ 40 ዶላር ነበር፤ ልሽጥልዎና አንድ አምስተኛውን ልውሰድ» ማለት አያሳፍርም። ወይም «ይህን ያህል አለኝ፤ ከዚህ በላይ አልችልም» በል። ሰው እውነቱን አውቆ በርካሽ ቢሸጥልህ ስጦታ ነው፤ በኩራት ውሰደው። ሳያውቅ የሸጠልህ ግን ስጦታ አይደለም። በመጨረሻም ታሪኩን ጠይቅና ጻፈው።

ዋጋው ምንድነው? ብዙ ሳይክል ያመልጥሃል። እኔም አምልጦኛል።

ባለፈው በጋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት እናት ቤታቸውን ሸጠው ወደ አፓርትመንት ሊገቡ ነበርና ዕቃ ልናወጣላቸው ሄድን። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ምድር ቤት ከቦይለሩ ጀርባ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ ቢጫ ነገር።

«ልጄ፣ ያንን እንኳ ውሰድልኝ፤ ስንት ዓመት ሲያደናቅፈኝ ኖረ» አሉኝ።

አንሶላውን ገለጥኩ። ሌመን ፒለር። መሪው ሥር በስልኬ አበራሁ፤ «ዲ» እና «ኤፍ»፤ ሚያዝያ 1970። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአምስት ሰከንድ ያህል ፊቴ የለመደውን አደረገ፤ ደረቀ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ብዙ ገንዘብ ያወጣል» አልኩ።

«የቱ? ይኼ ቆርቆሮ?»

«ከ2 ሺህ በላይ። ሰው ከተገኘ 3 ሺህም።»

«ብር?»

«ዶላር።»

«ኧረ በስመ አብ!» ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ሰውየው እኮ ከቤተ ክርስቲያን ባዛር በ8 ዶላር ነው የገዛው። ለ8 ዶላሩም ተጣልቼዋለሁ። ልጁ ጫማ አልነበረውም!»

ከዚያ ዳላስ ላለው ልጃቸው ደወሉ። ልጃቸው ስፒከር ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እንዳትሸጪው» አለ። በቃ፣ ሳይክሉ አመለጠኝ። ግን ማታውኑ ፎቶ ላከልኝ፤ በረዶ ላይ፣ ኮፍያው ዓይኑን የሸፈነ ልጅ፣ ቢጫ ሳይክል፣ ከኋላ የአባቱ ታክሲ። የመቀመጫው ጀርባ ዘንግ ለምን እንደጎበጠ ነገረኝ፤ ታናሽ እህቱን ጭኖ ቁልቁለት ወርዶ ነው። ጎማና ከመነዳሪ ፈልጌ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ለሥራዬ ተከፍሎኛል፤ ቡናም ጠጥቻለሁ። አሁን ልጁ ለክረምት ሲመጣ የልጅ ልጃቸው ይነዳዋል። የ1970 ኦሪጅናል ቀለም አጥር ላይ ያጋጨዋል። ሳየው ያመኛል። ግን የእሱ ነው፤ ያጋጨው።

ከዚያ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወደ አዛውንቱ ሰፈር ነዳሁ። ምን ልላቸው እንዳሰብኩ በትክክል አላውቅም። ከ2,400 ላይ 35 ሲቀነስ 2,365 ነው፤ ያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ሆኖ ካለቀ ቆይቷል። ቢያንስ ግማሹን በቼክ ጽፌ ይዤ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ናት። ቤቱን ከገዙት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። የቀድሞው ባለቤት የት እንደሄዱ አታውቅም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩም አታውቅም። ጋራዡ ክፍት ነበር፤ የሕፃን ጋሪ ቆሞበታል።

የሳይክሉ ቁጥር ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። የተሠራበትን ወር አውቃለሁ፣ ዓመቱን አውቃለሁ፣ የፍሬኑን ዓይነት አውቃለሁ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው ቀለም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የዚያ ታናሽ ወንድም ስሙ ማን እንደነበር አልጠየቅኩም።